የበረዶ ተራራና የመምህር ምርጫ

ሰው ከፍ ያለ ነገር ባየ ጊዜ ወደዚያ ለመውጣት መመኘቱ ከጥንት ጀምሮ ያለ ጠባዩ ነው። ዳሩ ግን ምኞትና ዕውቀት መንታ ሆነው አይወለዱም፤ ምኞት ያለ መምህር በአንድ ሌሊት ይበቅላል፥ ዕውቀት ግን በመምህር እጅ፥ በብዙ ድካምና በብዙ እርማት ያድጋል። ምኞቱ ቀድሞ ዕውቀቱ ሳይደርስለት ጕዞ የጀመረ ሰው፥ መንገዱ ሜዳ ቢሆን ይደክማል፤ መንገዱ ተራራ ቢሆን ግን ይጠፋል። የዚህን ነገር እውነትነት በአሰላ ተወልዶ በአሜሪካ አገር በሲያትል ከተማ የሚኖር አንድ ጐልማሳ ከገጠመው ምርጫ መረዳት ይቻላል።

አሰላ ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ፥ በጭላሎ ተራራ ምዕራባዊ ጐን የተቀመጠች ከተማ ናት። ፊቱን ወደ ምዕራብ የመለሰ ሰው ስምጥ ሸለቆውን ቍልቍል ይመለከታል፤ ወደ ምሥራቅ የመለሰ ግን ጭላሎን ያያል። ጭላሎ፥ በዳና ካካ ሦስቱም ከ4,000 ሜትር በላይ ናቸው። ከስንዴውና ከገብሱ እርሻ በላይ ኮሶና ጽድ፥ ከዚያ በላይ አስታ፥ ከአስታው በላይ ደግሞ ጓሳና ጅብራ ይገኛል። በዚያ ከፍታ በጎቹን አስከትሎ የሚውል እረኛ ትንፋሼ ያጥረኛል ብሎ አይሰጋም። ከዚሁ ደጋ የበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና፥ የአሰላው ኃይሌ ገብረ ሥላሴም በ1996 በአትላንታ፥ በ10,000 ሜትር ሩጫ የወርቅ ሜዳልያ ለአገራቸው አምጥተዋል። ስለዚህ የአርሲ ልጅ ከፍታን እንደ ባዕድ አይፈራውም፤ እንደ ቤቱ ደጃፍ ይቈጥረዋል እንጂ።

ይህም ጐልማሳ በልጅነቱ ከአክስቱ ልጆች ጋር ጭላሎን ብዙ ጊዜ ወጥቶታል። ስንቃቸው ቆሎ፥ ልብሳቸው ጋቢ፥ መሪያቸውም በጎች ያበጁት ቀጭን መንገድ ነበር። ብርድ ሲበረታ እሳት ያነዱ ነበር፤ ጭጋግ ሲወርድባቸው እስኪገለጥ ድረስ ከድንጋይ ሥር ይቀመጡ ነበር። ያ ሁሉ ዕውቀት ነበር፤ ነገር ግን ማንም ዕውቀት ብሎ አልጠራውም፤ ማንም ዋጋ አልከፈለበትምና።

ወደ ሲያትል ከሄደ በኋላ ሌላ ተራራ ዐየ። ከተማይቱ በባሕር ዳር ያለች ናት፤ ሰማዩ በጠራ ቀን ግን በስተ ደቡብ ምሥራቅ ሬኒየር የሚባለው ተራራ፥ የጥንት የአገሩ ሰዎች ታሆማ የሚሉት፥ ነጭ ሆኖ ከደመና በላይ ይታያል። ቁመቱ 4,392 ሜትር ነው። ጐልማሳው ይህን ቍጥር ባነበበ ጊዜ ፈገግ አለ፤ ከጭላሎ የሚበልጠው 400 ሜትር እንኳ በማይሞላ ነውና። «ይህን ያህል የሚፈሩት ምኑን ነው?» ብሎ በልቡ አሰበ። የልዩነቱ ነገር በቁመቱ ሳይሆን በልብሱ እንደ ሆነ ገና አልተረዳም ነበር። ጭላሎ ለምድር ወገብ የቀረበ ስለ ሆነ በረዶ ቢወርድበት ሳይሰነብት ይቀልጣል። ሬኒየር ግን ወደ ሰሜን እጅግ የራቀ፥ ከውቅያኖስ የሚመጣውም እርጥበት የሚያርፍበት ስለ ሆነ፥ ከ20 የሚበልጡ ግግር በረዶዎች ዙሪያውን ሸፍነውታል።

የግግር በረዶም ጠባይ እንዲህ ነው። በየዓመቱ የወረደው በረዶ ሳይቀልጥ እየተደራረበ በራሱ ክብደት ይጨመቅና ዐለት የመሰለ ግግር ይሆናል። ይሁን እንጂ በአንድ ስፍራ ረግቶ የሚቀር አይደለም፤ እንደ ወፈረ ማር በዝግታ ወደ ታች ይፈሳል። ከሥሩ ያለው ዐለት በጐበጠበት ስፍራ ሲያልፍ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም በአሥር የሚቈጠር ሜትር ይጠልቃል። ከዚያም አዲስ በረዶ ወርዶ የስንጥቁን አፍ ይሸፍነዋል። እንግዲህ ግግር በረዶ እንደ ቅኔ ሰምና ወርቅ አለው ማለት ነው፤ ሰሙ ነጭ ሜዳ ነው፥ ወርቁ ግን ከሥሩ የተሰወረ ገደል። ሰሙን ብቻ ዐይቶ የሄደ ሰው ወርቁን የሚያገኘው በወደቀ ጊዜ ነው።

ጐልማሳው በሲያትል ሁለት ወዳጆች ነበሩት፤ አንዱ የጎንደር ልጅ፥ አንዱም የደብረ ብርሃን ልጅ ነው። ሦስቱ አንድ ቀን ከሥራ በኋላ ቡና ሲጠጡ በሚመጣው በጋ ሬኒየርን አብረው ለመውጣት ቃል ተገባቡ። መንገዱ በእጅ እየቧጠጡ የሚወጡት ገደል ሳይሆን፥ በገመድ ተያይዘው በእግር የሚሄዱበት አቀበት መሆኑን ሰምተው ነበርና ነገሩ ቀላል መሰላቸው። ሦስት ዐይነት ምርጫም ቀረበላቸው። አንደኛው የአራት ቀን ጕዞ ነው፤ በእርሱ ውስጥ አንዱ ቀን የትምህርት ነው፥ ሁለቱ ቀን የመውጣትና የመውረድ፤ በማስታወቂያው ላይም በተራራው ጫፍ የቆሙ ሰዎች ፎቶግራፍ ነበረበት። ሁለተኛው የስድስት ቀን ትምህርት ነው፤ እርሱም በሬኒየር ሳይሆን ወደ ሰሜን ባለውና 3,286 ሜትር ብቻ ቁመት ባለው በቤከር ተራራ ላይ ይሰጣል፤ ጫፍ እናደርሳችኋለን የሚል ቃልም አልነበረበትም። ሦስተኛው ያለ መምህር ገመድና ብረት ገዝቶ፥ በስልክ በሚታይ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ተምሮ መሄድ ነው። ሦስተኛውን ወዲያው ተዉት። ሁለተኛውም አላስደሰታቸውም፤ ለአሰላ ልጅማ 3,286 ሜትር ከተወለደበት ከተማ 900 ሜትር እንኳ የማይበልጥ፥ የበግ መሰማሪያ ነውና። የአራቱን ቀን ሊመርጡ ተቃረቡ።

በዚህ መካከል ጐልማሳው በጥር ወር ለአባቱ ሙት ዓመት ወደ አሰላ መጣ። ዝክሩ ከተፈጸመ በኋላ፥ ማታ በእናቱ ቤት ከምድጃው ዳር፥ ከእናቱ ወንድም ጋር ተቀመጠ። እኒህ ሰው በጎጃም ከዋሸራ፥ በኋላም በዋድላ ቅኔ የተማሩ መሪጌታ ናቸው፤ ለእርሱም ፊደልና ዳዊት ያስተማሩት እርሳቸው ስለ ሆኑ «አጐቴ» ሳይሆን «የኔታ» ብሎ ይጠራቸዋል።

«የኔታ፥ በበጋ ተራራ ልወጣ አስቤአለሁ» አላቸው።

«ጭላሎ ከዚሁ ከደጅህ አለልህ፤ ባሕር ማዶ ምን አስኬደህ?» አሉት።

«ያኛው የበረዶ ተራራ ነው።»

መሪጌታ ጥቂት ዝም ብለው፥ «የትኛው በረዶ?» ሲሉ ጠየቁት። «በአማርኛ ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውም በረዶ ይባላል፥ በመስታወት ውኃ የሚጨመረውም በረዶ ይባላል፥ ተራራ የሚለብሰውም እንዲሁ። በግእዝ ግን በረድ አለ፥ ሐመዳ አለ፥ አስሐትያ አለ። እኛ ሦስቱን ስም ከመጽሐፍ ተማርን እንጂ በዐይናችን ያየነው አንዱን ያህል ነው። አንተስ የምትረግጠው የትኛውን እንደ ሆነ ለይተህ ታውቃለህ?»

«ያስተምሩናል፤ አንድ ቀን ትምህርት አለው» አለ።

«መንገዱስ ስንት ቀን ነው?»

«ሁለት ቀን።»

«ትምህርቱ ከመንገዱ አነሰ» አሉ መሪጌታ። ከዚያም የጕባኤ ቤት ነገር አነሡ። «ጕባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፤ ከእርሱ ቀጥሎ ዘአምላኪየ ሦስት ቤት ነው፤ እንዲህ እንዲህ እያለ መወድስ ስምንት ቤት ይደርሳል። ጕባኤ ቃና መቍጠር ተስኖት ሳለ መወድስ ልዝረፍ የሚል ተማሪ በየዘመኑ አለ። እንዲህ ያለው ሌላ የቈጠረለትን ተቀብሎ በማኅሌት መካከል ቆሞ ይዘርፋል፤ ሰዎቹም ‹ይበል!› ይሉታል። በማግሥቱ ‹ፍታው› ቢሉት ግን አፉ ይያዛል። የእርሱስ ደግ ነው፤ ቢበዛ ያፍራል። አንተ የምትሄድበት ስፍራ ግን ማፈር ብቻ አይመስለኝም።»

ጐልማሳው ስለ ገመዱ ነገራቸው፤ ሰዎች በአንድ ገመድ ተያይዘው እንደሚሄዱ፥ ስለዚህም ብዙ እንደማያሰጋ አስረዳ። መሪጌታ በወጣትነታቸው ደብረ ዳሞን ተሳልመው ነበርና የገመዱ ነገር አልጠፋቸውም። በደብረ ዳሞ 15 ሜትር ያህል የሚሆነውን ገደል የሚወጣ ሰው አንዱን ጠፍር በእጁ ይይዛል፤ ሁለተኛው ገመድ ደግሞ በወገቡ ታስሮ ከላይ ያለ መነኵሴ ይስብለታል። እጁ ቢከዳው በወገቡ ያለው ይይዘዋል።

«እኔን የያዘኝ መነኵሴ በደረቅ ዐለት ላይ እግሩን ተክሎ የተቀመጠ ነበር» አሉ። «የአንተን ገመድ የሚይዘውስ በምን ላይ ነው የቆመው?»

«እንደ እኔው በበረዶ ላይ።»

«እንግዲህ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከአንተ ጋር የታሰረው ልጅ በዚያ ስንጥቅ ቢገባ ምን ታደርጋለህ?»

ጐልማሳው ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ ነገር ግን የሚናገረው ቃል አላገኘም። «መሪው ያውቃል» ሊል አሰበ፤ ወዲያው ግን የሚወድቀው መሪው ራሱ ቢሆንስ ብሎ ተወው። እናቱ እስከዚያ ድረስ ዝም ብለው ጥጥ ይፈትሉ ነበር፤ በዚህ ጊዜ እንዝርታቸውን አኖሩና ልጃቸውን ዐዩት። ምንም አልተናገሩም። ያ ዝምታ ከመሪጌታ ጥያቄ ይልቅ ከብዶት ሌሊቱን እንቅልፍ ሳይወስደው ዐደረ።

ወደ ሲያትል ተመልሶ ስለ ተራራ የተጻፈውን መመርመር ጀመረ፤ የአጐቱንም ጥያቄ በሌላ አገር ታሪክ ውስጥ ተጽፎ አገኘው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 14 ቀን 1865 በስዊስና በኢጣልያ ድንበር ያለውን፥ ቁመቱ 4,478 ሜትር የሆነውን ማተርሆርንን ሰባት ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ወጡት። ደስ ብሏቸው ሲወርዱ ከመካከላቸው ልምድ ያልነበረው አንድ የ19 ዓመት ወጣት አዳለጠው፤ ሲወድቅም ከፊቱ ያለውን መሪ መታው፥ ከኋላው የታሰሩትን ሁለት ሰዎችም ይዟቸው ሄደ። ከእነርሱ ቀጥሎ ያለው ገመድ በመካከል ተበጠሰ፤ አራቱ ሞቱ፥ ሦስቱ ተረፉ። ገመድ ያለ ዕውቀት ሰውን ከሞት የሚያወጣ ሳይሆን የአንዱን ሞት ለሌላው የሚያካፍል ክር እንደ ሆነ ከዚህ ተረዳ። ደግሞም በዚያው በሬኒየር በ1981 የበረዶ ናዳ ወርዶ በመሪ የሚሄዱትን ዐሥር ሰዎችና አንድ መሪ በአንድ ጊዜ እንደ ቀበራቸው አነበበ። መሪ አለ ማለት ሞት የለም ማለት አይደለም፤ ዕውቀትም ቢሆን ሞትን ፈጽሞ አያስቀረውም፤ ነገር ግን ሰው ባለማወቁ ምክንያት የሚመጣውን ሞት ይቀንሰዋል።

ከዚያ በኋላ ለሁለቱም ትምህርት ቤቶች ደብዳቤ ጻፈ። «ለአንድ መምህር የሚደርሰው ተማሪ ስንት ነው? መምህሩ በማን ተፈትኖ አለፈ? ከስንጥቅ ማውጣትን እያንዳንዱ ተማሪ በገዛ እጁ ይሠራዋል ወይስ መምህሩ ሲሠራ ቆሞ ያያል? አየሩ ቢከፋ ማን ነው ተመለሱ የሚለው?» ሲል ጠየቀ። ከአንደኛው የመጣው መልስ የዋጋ ዝርዝርና ሌላ ፎቶግራፍ ነበር። ከሁለተኛው የመጣው ግን መልስም ጥያቄም ነበረበት፤ ለአንድ መምህር ከአራት ተማሪ እንደማይበልጥ፥ መምህራኑም እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የተራራ መሪዎች ማኅበራት ፌዴሬሽን የሚቀበለውን የብዙ ዓመት ፈተና ያለፉ እንደ ሆኑ ከነገረው በኋላ፥ «አንተስ 20 ኪሎ ተሸክመህ ስንት ሰዓት ትወጣለህ? በባሕር ዳር ከተማ ከኖርህ ስንት ዓመት ሆነህ?» ብሎ ጠየቀው። መምህርን ተማሪ ብቻ አይመርጠውም፤ ደግ መምህርም ተማሪውን ይመረምራል። በጕባኤ ቤት ያለ ይህን ያውቃል፤ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ አኩፋዳውን አንግቶ አገር ለአገር የሚዞረው ቁራሽ ፍለጋ ብቻ አይደለምና።

የመጨረሻው ጥያቄ ግን ጐልማሳውን አሳፈረው። በአሰላ መወለዱን እንደ ስንቅ ይቈጥረው ነበር። ነገር ግን ሰውነት የተላመደውን ከፍታ ወደ ቈላ በወረደ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይረሳዋል፤ እርሱም በባሕር ዳር ዘጠኝ ዓመት ኖሯል። ከ3,000 ሜትር በላይ የሚወጣ ሰው የሚያድርበትን ስፍራ በየሌሊቱ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ እንዳያደርግ፥ በየሦስት ወይም በየአራት ቀኑም አንድ ቀን እንዲያርፍ ሐኪሞች ይመክራሉ። ራስ ምታትና ማስመለስ ሲጀምር መቆም ነው፤ አእምሮ ሲሳት ወይም ትንፋሽ ተቀምጠው ሳሉ ሲያጥር ግን ሳይውሉ ሳያድሩ መውረድ ነው። ይህ ሕግ ለደጋ ልጅም ለቈላ ልጅም አንድ ነው።

ነገሩን ለወዳጆቹ በገለጸ ጊዜ የደብረ ብርሃኑ ልጅ ተስማማ። የጎንደሩ ልጅ ግን ተቈጣ። «ቃል የተገባባነው ሬኒየርን ልንወጣ ነው፤ አንተ ግን ለአንድ ጥያቄ ስትል ስድስት ቀን በኰረብታ ላይ ቋጠሮ ስንቋጥር እንድንውል ትፈልጋለህ» አለው። ብዙ ተከራከሩ፤ በመጨረሻም ተለያዩ። ለሁለት ወር ያህል አልተነጋገሩም። ለጐልማሳው ከገንዘቡ ይልቅ የከበደው ዋጋ ይህ ነበር።

በሰኔ ሁለቱ ወደ ቤከር ሄዱ። መምህራቸው ሴት ነበረች፤ በቁመትም ከጐልማሳው ትከሻ የማታልፍ። በመጀመሪያው ቀን ከጫማ ሥር የሚታሰረውን ባለ ጥርስ ብረት አስራ አራመደችው። የጭላሎ እግር የተማረው ጣቱ ባገኘው ድንጋይ ላይ ፈጥኖ መርገጥን ነው፤ በዚህ ግን እግርን ከፈት አድርጎ፥ ጥርሶቹ ሁሉ በረዶውን እንዲነክሱ በሙሉ ውስጠ እግር መርገጥ ያስፈልጋል። ትንፋሹ ከሁሉ የበረታ እርሱ ሳለ፥ አረማመዱ ከሁሉ የከፋ ሆነ፤ ሁለት ጊዜ የአንዱ እግር ጥርስ የሌላውን እግር ሱሪ ይዞ ጣለው።

በሁለተኛው ቀን መውደቅን ተማሩ። ይህ ለሰሚው እንግዳ ይመስላል፤ ነገር ግን ትምህርቱ እውነት ይህ ነው። በጀርባ፥ በሆድ፥ በራስ ቍልቍል ሆነው ይንሸራተታሉ፤ ከዚያም ዞረው በደረታቸው በበረዶው መጥረቢያ ላይ ይተኛሉ፥ ስለታም አፉም በረዶውን ይዞ ያቆማቸዋል። የእግር ብረት ያሰረ ሰው እግሩን ከበረዶው ማንሣት አለበት፤ ያለዚያ ጥርሱ ነክሶ ይገለብጠዋል። እጅ ሳያስብ እስኪያደርገው ድረስ ደጋገሙት፤ ሲወድቁ ለማሰብ ጊዜ የለምና።

በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን የገመዱ ትምህርት መጣ። በገመድ የሚሄዱ ሰዎች ተጠጋግተው አይሄዱም፤ በመካከላቸው ዐሥር ሜትር ያህል ይተዋሉ፤ ገመዱም እንዳይወጠር እንዳይረግብም ይጠብቃሉ። ገመዱ ከረገበ የወደቀው ሰው ኀይል አግኝቶ ሌላውን ይስበዋል። በዚህ ጐልማሳው ብዙ ተገሠጸ፤ ፈጣን ስለ ነበር ከፊቱ ያለውን እየደረሰበት ገመዱን መሬት ያስጐትተዋልና። «ለአንተ አትሂድ፤ ለገመዱ ሂድ» ትለው ነበር መምህርቱ።

ከዚያም የደብረ ብርሃኑ ልጅ በጥንቃቄ በሁለተኛ ገመድ ተጠብቆ በእውነተኛ ስንጥቅ ውስጥ እንዲገባ ተደረገ። ጐልማሳው በመጥረቢያው ላይ ተኝቶ የወዳጁን ክብደት በወገቡ ያዘ። ከተኛበት ሳይነሣ ሌላው ጓደኛ በረዶውን ቈፍሮ ብረት ቀበረና ገመዱን በእርሱ ላይ አሰረ፤ ክብደቱም ከሰው ወደ በረዶ ተላለፈ። ከዚያ ገመዱን በሦስት እጥፍ አዙረው ጐተቱት። ቀጭኑ ገመድ በወፍራሙ ላይ ተጠምጥሞ፥ ክብደት ሲመጣበት የሚነክስ፥ ሲቀልለት የሚንሸራተት ቋጠሮ አለ፤ ካርል ፕሩሲክ የሚባል የኦስትርያ ሰው በ1931 ስላስታወቀው በስሙ ይጠራል። ይህ ቋጠሮ ጐታቾቹ እጃቸውን ሲቀይሩ የወጣውን ገመድ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ይይዘዋል። በመጀመሪያ ጊዜ ወዳጃቸውን ለማውጣት ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀባቸው፤ ቋጠሮውም አንድ ጊዜ ተሳሳተ። የወጣው ልጅ ከንፈሩ ጠቍሮ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጐልማሳው ያን ከንፈር ባየ ጊዜ የእናቱ እንዝርት ከመሬት ሲቀመጥ ትዝ አለው። ሁለተኛ ጊዜ በግማሽ ሰዓት አወጡት።

በአምስተኛው ቀን ሌሊት ወደ ጫፉ ለመውጣት ተነሡ። ጎሕ ሲቀድ ነፋሱ በረታ፤ ሌሊት የወረደው አዲስ በረዶም በጠንካራው በረዶ ላይ ሳይያያዝ ተከምሮ ነበር። መምህርቱ ቈፍራ መረመረችውና «እንመለስ» አለች። ጫፉ ከፊታቸው ይታይ ነበር። የተከራከረ አልነበረም፤ ሐመዳው ከአስሐትያው ጋር እንዳልተስማማ በአምስት ቀን ውስጥ ለማየት በቅተዋልና።

የጎንደሩ ልጅ ደግሞ በሐምሌ በአራቱ ቀን ጕዞ ሬኒየርን ወጣ። በየዓመቱ 10,000 ያህል ሰው ያን ተራራ ለመውጣት ይነሣል፤ ጫፍ የሚደርሰው ግማሹ ያህል ነው፤ እርሱም ከደረሱት አንዱ ሆነ። ፎቶግራፉን በሳሎኑ ሰቀለ። ጐልማሳው ደውሎ «እንኳን ደስ ያለህ» አለው፤ ዕርቅም ሆነ። በኋላ ግን ቡና ሲጠጡ ያ ልጅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፥ «እውነቱን ልንገርህ፤ ገመዱ በወገቤ ታስሮ ነበር እንጂ ምን እንደሚሠራ አላውቅም ነበር። ከፊቴ ያለው ሰው አንድ ጊዜ ተንሸራተተ፤ እኔ ቆሜ ዐየሁት። መሪው ያዘው» አለ። ከዚህ በላይ አልተናገረም፤ ጐልማሳውም አልጠየቀውም። ለሚመጣው በጋ በስድስቱ ቀን ትምህርት ስሙን ለማስመዝገብ ግን አብረው ጻፉ።

እንግዲህ ከዚህ የሚገኘው ቍም ነገር ተራራን መውጣት ክፉ ነው፥ ወይም ጫፍ መድረስ ከንቱ ነው የሚል አይደለም። የጫፉ ፎቶግራፍ የአንድ ሰው ነው፤ የገመዱ ዕውቀት ግን ለሌላው ሰው ነው። ስለዚህ ትምህርት የሚመርጥ ሰው «ወዴት ያደርሰኛል?» ብሎ ሳይሆን «ከእኔ ጋር ለታሰረው ምን እንዳደርግለት ያስተምረኛል?» ብሎ ቢመርጥ ይበጀዋል። ነገሩም ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። ለአርሲ ልጅ ከሁሉ የሚቀርበው የበረዶ ተራራ በአፍሪካ ያለው ነው፤ ገመድና ብረት የሚጠይቀው የርዌንዞሪ ራስ ማርጌሪታ 5,109 ሜትር ነው። ነገር ግን የርዌንዞሪ ግግር በረዶ በ1906 ከ6 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የነበረው በ2003 አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የማይሞላ ሆኗል፤ የኪሊማንጃሮና የኬንያ ተራራ በረዶም እስከ 2050 እንደሚጠፋ ዩኔስኮ በ2022 አስታውቋል። የአርሲ ሰው ይህን እንደ ሩቅ ወሬ ሊሰማው አይገባም፤ በዳ ራሱ በጥንት ዘመን ግግር በረዶ ለብሶ እንደ ነበረ፥ በረዶው ገፍቶ የተዋቸው የድንጋይ ክምሮች እስከ ዛሬ ይመሰክራሉ።

በሚቀጥለው ጥር ጐልማሳው እንደ ገና ወደ አሰላ መጣ። እናቱ አቅፈው ከሳሙት በኋላ፥ «ደረስህ ወይ፥ ልጄ?» አሉት።

«አልደረስሁም እማዬ፤ ከመንገድ ተመለስን።»

«ተመስገን!» አሉና ቡና ሊያፈሉ ተነሡ። ጐልማሳው ሣቀ።

መሪጌታ ስለ ጫፉ አልጠየቁም። ተቀምጠው ጥቂት ከቈዩ በኋላ፥ «ያች ጥያቄ ሳትመለስ ዓመት ሆናት» አሉ። ጐልማሳው ወጥቶ በጓሮ ካለው አህያ የጭነት መጫኛ አመጣና አንዱን ጫፍ በቤቱ ምሰሶ አሰረ፤ ከኪሱ ቀጭን ገመድ አውጥቶ በመጫኛው ላይ ሦስት ጊዜ ጠመጠመ፤ «ይሳቡ፥ የኔታ» አላቸው። ሽማግሌው ቀጭኑን ገመድ በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ኋላ ተዘነበሉ፤ ቋጠሮው ነከሰ፥ አልሄደም። ለቀቅ ሲያደርጉት ተንሸራተተ፤ ደግመው ሲስቡት ደግሞ ያዘ። ሦስት ጊዜ እንዲህ አድርገው ፈተኑት።

«ይበል» አሉ፤ ቀጥለውም፥ «ጕባኤ ቃናው ሞልቶልሃል። ዘአምላኪየ ይቀርሃል» አሉት።